ኩራት ሲበስል

ባሮ ሽንኩርት ዛሬ፣ በጥንት ስሙ ኩራት።
አባቴ ዊልፍሬድ፣ በኖርዘምበርላንድ ምድር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰል ሲፈልጥ ኖሮ፣ ጨለማ እንደለበሰ፣
ጉድጓዱ ሲዘጋ፣ ከቤታችን ጓሮ ሌላ ጉድጓድ ማሰ፤
ኩራት ተከለበት።

ቢራ ያጠጣዋል። እውነቴን ነው፣ ቢራ፤
ግማሹን ለሥሩ፣ ግማሹን ለራሱ፣ ሁለቱን በተራ።
መስከረም ሲጠባ፣ ውድድሩ ሲደርስ፣
ምቀኛ በምላጭ አንገቱን እንዳይቀላው፣ ሥሩን እንዳይበጥስ፣
ፋኖስ አብርቶ ያድራል፣ ካፖርት ደርቦ፣
ከእንጨት ጎጆው ደጃፍ፣ ከኩራቱ ቀርቦ።

እናቴ ዶሪን ግን፣ ለእሁድ ሾርባዋ፣
ከገበያ ገዝታ፣ ቀጫጭኑን ባሮ ይዛ በዘንቢልዋ፣
"ጓሮዬ ሞልቶልኝ ከሰው ደጅ ልግዛ?" ስትል ትስቃለች፤
ከወገቡ ቁልቁል ሰንጥቃው በቢላ፣ እንደ ደብተር ገልጣ፣ ቅጠል ከቅጠሉ ለይታ ታጥባለች።
"ነጭ ነው ብለሽ እንዳታምኚው፣ ልጄ።
ባሮና ባል አንድ ነው፤
በየእጥፋቱ አሸዋ አለው።"

አንድ ዓመት፣ ቅዳሜ፣ ከመጠጥ ቤቱ አዳራሽ፣
ነጭ ጨርቅ በለበሰው ረጅም ገበታ ላይ፣
ዳኞች ጎንበስ ብለው ባሮውን ለኩና፣ ደግመው ለኩና፣
የከዝበርት በለጠ፤ በጥፍር ስፋት ያህል፣ ብዙም አይደለና።
አባቴ በጋዜጣ እንደ ሬሳ ገንዞ
ከወጥ ቤት ጠረጴዛ አጋደመው፣ ፈዞ።

እናቴ ቢላ ሳለች።
"ዊልፍ፣ ኩራት ካልተበላ ይሸታል። ልክተፈው?" አለች።
መልስ የለም። ቆቡን አወለቀ።
እሺ ማለት ነበር፤ እኛ ቤት የሚያውቅ አወቀ።

ትልቅ ኩራት ታዲያ ቶሎ አይበስልም፤
እንደ ለጋው ባሮ ቅቤ ስላየ ብቻ አይለሰልስም።
ድንቹ ፈራረሰ፣
የበጉ አጥንት መቅኑን አፈሰሰ፣
እሱ ገና በጥርስ ይንኮሻኮሻል።
"ይቆይ" አለች እናቴ፣ "እሳት ሁሉን ይሽራል።"

በሩ ተንኳኳ። ከዝበርት ነው፣ በብብቱ ያሸነፈው ባሮ፣
የብሩ ዋንጫ በኮቱ ኪስ ታጭቆ።
ሚስቱ ማርጀሪ በሚያዝያ ሞታለች።
"ዶሪን" አለ፣ የጫማውን ጫፍ እያየ፣
"ይሄ ነገር... እንዴት ነው የሚሠራው?"

"ግባ። አረንጓዴውን ለየው፣ ግን እንዳትጥለው፤ እሱ ከአጥንት ጋር ነው የሚቀቀለው።
ነጩን እንደ ቀለበት ክተፍ። ቅቤ፣ ክዳን፣ የቀዘቀዘ እሳት፤
በራሱ ውሃ ይብሰል፣ አትነካካው፣ የቸኮለ ሰው ባሮ አይጥበስ።
ወይ ደግሞ ሞራ የገባበት ሊጥ ዳምጥ፣
ባሮውን ከላይ ነስንስ፣
እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው፣ በንጹሕ ጨርቅ እሰር፤
ሁለት ሰዓት ይንተክተክ፣ ውሃው እንዳያንስ።"

"በጨርቅ..." አለ ከዝበርት። "ማርጀሪ ታስረው የነበረው
በአሮጌ የትራስ ልብስ ነው።"

ሁላችን ዝም አልን።
ድስቱ ብቻ አወራ።

በመጨረሻ አባቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልተናገረው፣
"ቢራውን" አለ፣ "በቀን ስንት ነበር የምታጠጣው?"
"ቢራ?" ከዝበርት ደነገጠ። "ለባሮ? ውሃ ነው እንጂ።"
እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ በሳቅ።

በላን። ሁለት ኩራት በአንድ ድስት፣
የቱ የማን እንደሆነ ያወቀ የለም፣
ወፍራሙ መረቅ ውስጥ።

በሳምንቱ እሁድ ከዝበርት ተመለሰ፣
በእጁ ሥሩ የከሰለ ድስት፣ በላዩ ላይ የትራስ ልብስ።
"ጠቆረ" አለ።
"ቸኩለህ ነው" አለች።

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ፣
ፋኖሱን አልፎ፣ ሜትሩን ከሚስማሩ እንደተሰቀለ ትቶ፣
ወደ ጓሮ ወጣና
ሳይለካ
አንድ ባሮ ነቀለ።