የፈሰሰ ይታፈሳል

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ሲሉኝ
አምኜ አደግሁ እኔ፣ አዋቂ መስለውኝ።

ፍኖተ ሰላም ነን፤ ስሟ የሰላም መንገድ ነው፤
ለጎርፉ ግን መንገድ መቼ ቆርሰን ሰጠነው?

ሐምሌ እኩሌታው ላይ፣ ከገበያው በላይ፣
በረዶ ቀላቅሎ ሲወርድ ከሰማይ፣
ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ሰው ሰውን ላይሰማ፣
ተንደረደረብን ቁልቁል በከተማ።
ቦዩ አፉ ሞልቷል፤ ያጎረስነው እኛው፦
ፌስታል፣ ባዶ ሃይላንድ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣
የተበጠሰ ሸበጥ።
ምን ያድርግ? ታንቆ ተፋው።

ጠጅቱ መጀመሪያ ሳቀች፣
ከሱቋ ደፍ ላይ ቀሚሷን ሰብስባ፤
ውሃ እያሳሳቀ ነው መቼም የሚገባ።
ኋላ ግን አየችው፦
ሁለት ኩንታል ጨው፣ በዱቤ የመጣ፣
ጆንያው ሳይፈታ ሟሙቶ ሲወጣ።

ላህ ድረስ በጭቃ ተከትለን ረገምነው፤
በጥር ያንኑ ውሃ ሻማ ይዘን ለመንነው።

ጥር ማለት እዚህ ቢጫ ጀሪካን ነው፣
ስሙን በቀለም ጽፎ ሰው ወረፋ ያስያዘው።
ቧንቧው ነፋስ ያስላል።
ትመጣለች ቢሉ በሳምንት አንድ ሌሊት፣
ተኝቶ ያመለጠው ይጠጣታል በሐሜት።

ግንበኛው ይርሳው ብዙ አያወራም፤ ይለካል፣
በክንዱ፣ በገመድ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።
ከአሮጌ ቆርቆሮ አሸንዳ አጠፈ፣
ጓሮው ውስጥ ቆፈረ፣ በሲሚንቶ ለሰነ፣
ቦዩን አሰፋና ዳሩን ደሾ ሳር ተከለ።
«ሞኝ!» አልነው፣ «ዝናብ ሊያስር ነው በጉድጓድ!»
ቀና ሳይል መለሰ፦
«አላስረውም። እንግዳ ነው፤ ማደሪያ ልስጠው።
ሲጣደፍ ነው የሚሰብር፤
ቀስ በል ካሉት መሬትም ያጠጣል።»

በዓመቱ ዕድራችን አንድ ደንብ ጨመረ፦
ቦይ ላይ ቆሻሻ የደፋ፣
ቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣል።
አንዳንዱ አኮረፈ። አንዳንዱ ቆፈረ።
ከቄራው በታች ያሉት ግን
ዘንድሮም ሐምሌን በአልጋ ላይ ቆመው አደሩ፤
እዚያ ገና አልደረስንም።

ትናንት፣ በጥር ፀሐይ፣ ጠጅቱ ደጅ ቆሜ፣
እጄን ቅባት ነክቶት፣ ውሃ ብጠይቃት፣
የጉድጓዷን ክዳን በአንድ እጇ ገለጠች፣
በጣሳ ቀድታ ክንዴ ላይ አፈሰሰች።
ሐምሌ ሐምሌ ሸተተኝ።
ጨዋን የበላው ጎርፍ፣ በጣሳ ውስጥ ሰክኖ፣
በጣቴ መሃል ወረደ፣ ጨዋ እንግዳ ሆኖ፤
ከታች ለጎመኗ መደብ አበጅታለታለች።

«የፈሰሰ ውሃ…»
ልል አፌን ከፍቼ፣
ተውኩት።