አሥራ አንድ ሰከንድ

ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።
ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል፤
ከታች የዙሪክ ትራም እያፏጨ ይታጠፋል፤
በሦስተኛው ፎቅ፣ በጠባቧ ክፍል
ሬጉላ ዙርቡኸን ከፊቴ ተቀምጣለች፤
ሃያ ስድስት ዓመት የከብት ሐኪም የነበረች፣
በበረዶ፣ በውድቅት፣ ላም ስታዋልድ የኖረች።
አሁን በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ተማሪ፤
እርሳስ ቀራጭ፣ ደብተር ያዥ፣ ፈተና ፈሪ።

የሚጠየቀው ብዙ ነው።
ዲግሪሽን አምጪ አሏት፣ አመጣች።
የሕይወት ታሪክሽን ጻፊ፣ ጻፈች፤
«አባትሽ በግማሽ መስመር ሞተ?» ብለው መለሱላት፤
አስረዘመች፤ «አሁን ደግሞ ተደበቅሽ» አሏት።
ሦስት መቶ ሰዓት አንቺው ታካሚ ሁኚ፤
የራስሽን ሕልም ሳትፈቺ የሰው ሕልም አትንኪ።
ተረትም ይፈተናል፤
ስለ ሦስት ወንድማማችና ስለ አንድ ጉድጓድ
ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፈች፤
አንድ ሽማግሌ ፈታኝ መነጽሩን አውልቆ
«ጉድጓዱ የተረቱ ነው ወይስ ያንቺ?» አላት።
ያን ዓመት ወደቀች።

የክፍያውን ነገር ተዉት።
ክሊኒኳን ሸጠች፣ መኪናዋን ሸጠች፣
የቀራት የጋጣ ቦት ጫማ ነው፤
እሱንም ለሴሚናር ታደርገዋለች።

ያን ቀን የቃል ሙከራ እንለማመድ ነበር፤
እኔ ቃል እጥላለሁ፣ እሷ ፈጥኖ የመጣላትን ትመልሳለች።
«ዳቦ» — «ቢላ»። አንድ ሰከንድ።
«መስኮት» — «በረዶ»። አንድ ከምናምን።
«እናት» — «እጅ»። ሁለት።
«ገመድ» አልኳት።

ዝም።
የከብት ሐኪም እኮ ናት!
ገመድ ለእሷ የጥጃ እግር ነው፣
ስንት ሺህ ጊዜ አስራ የሳበችው፣
ከደምና ከሽርት ውሃ መሀል
ትንፋሽ ጎትታ ያወጣችበት።
ሦስት። አምስት።
የማሞቂያው ቧንቧ ተንኳኳ።
ሰባት።
ቀኝ እጇ አንገቷን ፈለገ፣ አገኘው፣ ተወው።
አሥራ አንድ።
«ጥጃ» አለች፤
ድምጿ ግን ከጋጣ አልመጣም።

ጀማሪ ነኝና
ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ከሥሩ በቀይ አሰመርኩ፤
አንድ ነገር የያዝኩ መሰለኝ።
ማታ መምህራችን ሄድቪግ ወረቀቱን አየችና
«ጥሩ ቆጥረሃል» አለችኝ፣
«መቁጠር ለመተው ስንት ዓመት ይበቃሃል?»

አራት ዓመት አለፈ።
የሬጉላ ዲፕሎማ በፖስታ መጣ፣ ማኅተሙ ትንሽ ጠምሟል፤
የሰቀለችው ከበሩ ጀርባ ነው፣
በሩ ሲከፈት የሚሸፈንበት።
እንኳን ደስ አለሽ ልላት ሄጄ
ብዕር ስትፈልግ መሳቢያዋን ሳበች፤
ከወረቀቶቹ ሥር አየሁት፦
የነጣ፣ በወጉ የተጠቀለለ፣ የማዋለጃ ገመድ።

«ለታካሚ አሳይተሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት።
አየችኝ።
አልመለሰችልኝም።
መሳቢያውን በቀስታ፣ እንደ በር ሳይሆን
እንደ ዐይን ሽፋን ከደነችው።

እጄ ከልማዱ ሰዓቱን ፍለጋ ኪሴ ገባ፤
ኪሴ ባዶ ነበር።
ያኔ ነው መመረቋን ያመንኩት።
የኔን እንጃ።