አምስተኛው ክፍለ ጊዜ

ወረቀቱ አንድ ገጽ፣ ሣጥኖቹ ሰባት፣
ከቅቤው ሣህን ሥር አገኘሁት፣ ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት።
ስድስቱን ሞልታለች በደቃቅ ጽሕፈት፣
አምስተኛው ብቻ ባዶ ነው፣ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተት።

ልጄ አኔሊ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ፣
ቁመቷ የእኔ ነው፣ ዝምታዋ የእናቷ።

እዚህ ሰሜን ሚኒሶታ፣ ሐይቁ በረዶ ለብሶ በሚከርምበት፣
ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው፤ አምስተኛው ሰዓት ላይ ሁለት ነገር ተጋጨባት።
አንዱ ከፍተኛ ካልኩለስ፦ መስኮት የሌለው ክፍል፣
ስድስት ተማሪ፣ የሚንኳኳ ማሞቂያ፣ የወይዘሮ ብራንቮልድ ሳል።
ሌላው የሰልፍ ባንዱ መሪነት፦ ረጅም ዘንግ፣ ነጭ ጓንት፣
ሰማንያ ልጅ ከኋላዋ፤ እጇ ሲነሣ መለከት፣
እጇ ሲወርድ ጸጥታ፣ እንደ ሌሊት።

"አባባ፣ አንተ ብትሆንስ?" አለችኝ ትናንት ማታ፣
ዐይኗን ከሾርባው ሳታነሣ፣ ማንኪያዋን በእጇ ገትታ።

እኔ ምን አውቃለሁ? የበረዶ ጠራጊ መኪና ነጂ ነኝ፣
ሰማይ ሲገለበጥ ወረዳው ከእንቅልፌ የሚጠራኝ።
የእኔ ሒሳብ ይህ ነው፦ ስንት ጣት በረዶ፣ ስንት ጆንያ ጨው፣
የትኛው ድልድይ ቀድሞ ያዳልጣል፣ የትኛው መታጠፊያ ነው ክፉው።
የመራሁትም ሰው የለም፤ የሚከተለኝ የመኪና መብራት ነው፣
በጠረግሁት ልክ የሚያዘግም፣ ስሜን እንኳ የማያውቀው።

አማካሪው አቶ ቲልማን ቢሮ ጠርተዋት ነበር።
"ዩኒቨርሲቲዎች" አሏት "መጀመሪያ የሚያዩት ቁጥር።"
ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ማኅደሯን ገልበጥ አድርገው፣
"መሪም ይወዳሉ ታዲያ፣ ቁጥር ብቻውን ምን ሊረባው?
እንግዲህ እንደ ልብሽ" ብለው ሸኟት።
እንደ ልቧ!
ልቧን ማን አንድ አድርጎ ሰጥቷት?

አጎቷ ኤይኖ ደግሞ፣ ዓሣ ሊያጠምድ በረዶ እየበሳ፣
"ዘንግ ወርውሮ የቀለበ ማነው እንጀራ የበላ?" አለ፣ ቀና ሳይል፣ ድምፁን ሳያነሣ።
ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ይባላል፤
እግሯን አየሁት ከጠረጴዛው ሥር፦
ካልሲዋ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ።

ባለፈው በጋ ጋራዡ ውስጥ፣ በመጥረጊያ እንጨት፣
ማንም የሌለበትን ባንድ ስትመራ አይቻለሁ በር ስንጥቅ ሥር ተደብቄ እንደ ሌባ ድመት።
በታኅሣሥ ደግሞ፣ ትምህርት ቤት ሳደርሳት፣ ጭጋግ በያዘው መስታወት
በጣቷ ኮረብታ ሣለችልኝ። "እዚህች ጫፍ ላይ" አለች፣ "ዳገቱ አልቋል፣ ቁልቁለቱ አልጀመረም፤
ዜሮ ናት። አንዲት ነጥብ። ከዚህች በፊትም የለም፣ በኋላም።"
እኔ በጎማዬ የማውቃትን ቦታ፣
ፍሬኑን ትንፋሼን ይዤ የምነካባትን፣
ልጄ በጣቷ ጫፍ አስቀመጠቻት። ወዲያው ጠፋች፣ በሙቀት።

ስለዚህ ምን ልበላት? "አላውቅም፣ አኔሊ" አልኳት።
ራሷን ነቀነቀች። ለካ መልስ አልፈለገችም፤
ጥያቄው ከአፏ ወጥቶ ምን እንደሚመስል ልትሰማው ነው።

ቀትር ላይ ስመለስ ወረቀቱ የለም፤ ቅቤው አለ።
በነሐሴ መጨረሻ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ቤት ገባ፤
መጥረጊያውም ወደ በሩ ኋላ ተመለሰ።

በጥቅምት፣ በትምህርት ቤቱ በዓል፣ ዋናው መንገድ ዳር ቆመን፣
ትንፋሻችን እየጨሰ፣ የወረቀት ኩባያ ጨብጠን፣
ባንዱ መጣ። ዘንጉ በዌንደል እጅ፣ የጎማ ቤቱ ባለቤት ልጅ፤
ደግ ልጅ ነው፣ ይጥራል፣ ቸኮለ እንጂ።
ፖስታ ቤቱ ጋ ሲታጠፉ ከበሮው ቀደመ፣ ጡሩምባው ቀረ፣
ሰልፉ እንደ ተነካ የጉንዳን መንገድ ተሰበረ።

እኔ ሰልፉን አላየሁም። ያየሁት የልጄን ኪስ ነው፣
የካፖርቷን ቀኝ ኪስ፦ ውስጡ አንድ ነገር ሲነሣ፣ ሲወድቅ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
ጨርቁን ከውስጥ ሲገፋው።
ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ሰልፉ መሥመሩን ያዘ፤ በማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።
"እንሂድ፣ ነገ ፈተና አለብኝ" አለች።
እጇን ግን እስከ መኪናው ድረስ ከኪሷ አላወጣችም።