አንዲት ፊደል

ኢፖህ ከተማ፤ የማክሰኞ ጠዋት፤ የደም ማቅጠኛ ክፍል።
አግዳሚው ሞልቷል፤ በር ላይ የጃንጥላ ክምር ውሃ ያንጠባጥባል።
ስም እጠራለሁ፣ ጣት እወጋለሁ፤ ጠብታዋን መሣሪያው ይውጣል፣
ቁጥር ይተፋል።
ከሁለት ካነሰ ደሙ ይረጋል፣
ከሦስት ካለፈ ማቆሚያ ያጣል።
በመሃል ያለችው ቀጭን መንገድ ናት የእኔ ሥራ፤
መድኃኒቱ ድሮ የአይጥ መርዝ ነበር፤ ይህ ግን አይወራ።

ግድግዳዬ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አለ፣ ጠርዙ የተላጠ፣
ሕዝብን በሚሊግራም መዝኖ በረድፍ ያስቀመጠ፦
ቻይና ሦስት፤ ማላይም ወደ ሦስት ገደማ፤ ሕንድ አምስት።
አማካይ ነው።
አማካይ ደግሞ አግዳሚ ላይ ቁጭ አይልም፣
ተራ አይጠብቅም፣ ጉልበቴን አይልም።
እኚያ ሽማግሌ፣ ክዌክ ቺን ሌንግ፣ የቆርቆሮ ቆፋሪ ልጅ፣
ሰባት ሚሊግራም ይውጣሉ፤ ሠንጠረዡ ምን ይበጅ?

ሙኒያማ ካሊያፐን፣ ሰባ ሦስት ዓመት፣ ከጎማው እርሻ ሠፈር፤
ልባቸው ምት ይስታል፤ ፀጉራቸው ላይ ጃስሚን ነበር።
ስማቸውን አየሁ፣ ሠንጠረዡን አየሁ፣ ሮዟን ኪኒን፣ አምስቷን ሰጠሁ፤
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? እኔም መልአኩን አመንሁ።

በአሥረኛው ቀን መጡ፣ ድዳቸው ደም አርግዞ፣
ክንዳቸው እንደ በሰለ ማንጎስቲን፣ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ።
መሣሪያው «ስድስት ነጥብ ስምንት» አለ።
ደገምኩት። ያንኑ አለ።
ቫይታሚን ኬ ሰጠን፣ አስተኛናቸው፤ ከደማቸው ጥቂት ላክን፤
መልሱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅን።

አንዲት ፊደል ናት የተለወጠችው። አንዲት።
«ፈወሰ»ን ከ«ፈሰሰ» የምትለየውም አንዲት ፊደል ናት፤
መሃሏን የሳተ እጅ፣ ሊያድን ብሎ ያፈስሳል።
ይህቺ ፊደል ቻይና ዘንድ ብዙ ናት፣ ታሚል ዘንድ ትንሽ።
«የእናትዎ ወገን ከወዴት ነው?» አልኩ።
የሳሪያቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፣
ፈቱ፣ ደግመው ጠቀለሉ።

«ጃፓኖች ሊወጡ ሲሉ ነው» አሉ። «ሰባተኛ ሴት ነበርኩ።
የወለደችኝ ቻይና ናት፤ ወተቷ ደርቆ፣
የጎማ ቆራጩን ሚስት አየቻት፣ ልጇ ሞቶ ጡቷ ተጨንቆ።
በጨርቅ ጠቅልላ አቀበለቻት፤ ያወጣችልኝን ስም እንኳ አልነገረቻት።
ለባሌም አልተናገርኩ።
አንቺ በጣት ጠብታ አወጣሽው።»

ቅጹ ላይ «ዘር» የሚል ሣጥን አለ፤ እስክሪብቶዬ ከበላዩ ቆመ።
«ስሜን አትንኪው» አሉ፣ «ኪኒኑን ቀንሺው።»
ሣጥኑን እንዳለ ተውኩት።
«የሽፈራው ቅጠልስ? ከምስር ጋር? እናቴ እንዳስተማረችኝ?»
«ይብሉ፤ ግን ሁልጊዜ እኩል፣ አንድ ቀን ብዙ አንድ ቀን ባዶ አይሁን።»
ጉበታቸው ለወለደቻቸው ይታዘዛል፣ ድስታቸው ላሳደገቻቸው፤
እኔ ግማሽ ኪኒን ይዤ ሽማግሌ ተቀምጫለሁ በመሃላቸው።
«ልጄስ ቢታመም? አባቱ ታሚል ነው፤ ምን ትጽፊለታለሽ?»
«ጣቱን ሳላይ ምንም» አልኩ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሁለት ነጥብ አራት።
ሮዟን ኪኒን ለሁለት ሲሰብሩ፣ ግማሿ ወለሉ ላይ ወደቀችባቸው።
እሳቸው በመነጽር፣ እኔ በጉልበቴ፣ ከአግዳሚው ሥር ፈለግናት፤
ክዌክ ጋዜጣቸውን ሳይለቁ
እግራቸውን አነሡልን።