ላንቃ

ባሕሩ ሲሸሽ ነው ልቧ የሚነቃ፤
ሲትስከ ትወርዳለች ቦት ጫማዋን አጥልቃ።
የፍሪስላንድ ጭቃ እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ፣
ውሃ የጻፈበት፣ ሳይደርቅ የሚፈርስ፤
መስመር በመስመር ላይ፣ ሸንተረር በሸንተረር፣
እዚህ ጋ ሲጣመር፣ እዚያ ጋ ሲሰበር፤
ትል የተፋው አፈር እንደ ክር ጥቅልል፣
የወፍ እግር ጥልፍ ከጎኑ ሲዘልል።

ሠላሳ ዓመት ሳለች፤ አንዱም አልሰመረላት፤
ቀለሙ ይገጥማል፣ መስመሩ ነው የሞተባት።
«እጄ እኩል ያደርጋል፤ ባሕር እኩል አያውቅም»
አለችው ለፎፐ፤ ባሏ መልስ የለውም።

አምና በክረምቱ፣ በረት ውስጥ፣ በሌሊት፣
ጥጃ ድንች አንቆት ሲጣጣር አገኙት፤
መንጋጋውን ይዘው ፈልቅቀው ከፈቱት።
እጇን ስታስገባ ጣቷ ላንቃው ነካ፦
ያው መስመር፣ ያው እጥፋት እዚያም ኖሯል ለካ!
እዚህ ጋ ሲጣመር፣ እዚያ ጋ ሲሰበር፣
ሞቆ፣ ረጥቦ፣ ተንፍሶ ከጣቷ ሥር ሲኖር።
ድንቹን ስታወጣው ጥጃው ሳለ፣ ሳለ፤
(ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማን እንደሱ ሳለ?)

ዛሬም ባሕሩ ሲሸሽ ትወርዳለች ጭቃው ላይ፣
ግን ቀስ ብላ ትረግጣለች፤
ሰው እንዴት ይሮጣል ላንቃ ላይ?
ብሩሿ ቤት ቀርቷል። ዓይኗን ጨፍናለች።
ውሃው እስኪመለስ በጣቷ ታያለች።