ከጎማ ጥርስ የተለቀመ

እውነቱን ልናገር፣ ባሕር አላየሁም፤
ሐረጎን ወጥቻለሁ፣ ባቲን አልወረድሁም።
ዛጎል እለቅማለሁ ሃያ ሰባት ዓመት፤
የኔ ባሕር ዳርቻ ይኸው የጎማ ቤት፣
ኮምቦልቻ መውጫ፣ ከሚሌ መንገድ ዳር፣
ክሪክና ፌሮ፣ አሮጌ ኮምፕሬሰር።

ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ቆሞልኝ፣ ሹፌሩ ምሳ ሊበላ ሲል፣
እንበረከካለሁ። ሰው ጎማ የምመረምር ይመስለዋል።
ጎማውንስ አያለሁ፤ ዓይኔ ግን ያለው
ሬንጅና ጭቃ ከጋገረው
ከጥርሱ መሀል ነው።
በካቻቢቴ ጫፍ፣ እንደ ጥርስ ሐኪም፣
ቀስ ብዬ እጭራለሁ፤ አልቸኩልም።
አንዱ ጥርስ ጠጠር፣ አንዱ የፍየል በጠጥ፣
አንዱ ሚስማር ሆኖ እንጀራዬን ሲሰጥ፣
ከስንት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
ከጥፍሬ የምታንስ፣ ጀርባዋ የዞረ፣ አንዲት ነጭ ነገር እጄ ላይ ስትወድቅ፣
በናፍጣ ስፍቃት፣ ሬንጁ ሲለቃት፣
ሆዷ ሮዝ ነው።
ሆዷን እንዲህ ማን ቀባት?

ጣሳዬን ላሳይህ። የወተት ዱቄት ነበር፤
ጥጥ አንጥፌበታለሁ፣ እንዳይጋጭ፣ እንዳይሰበር።
በየወረቀቱ ላይ ቀን፣ ታርጋ፣ የሹፌር ስም፤
ያለ ወረቀት የገባ፣ ከአንዷ በቀር የለም።
አርባ አንድ ዛጎል፤ ሁለቱ ግማሽ።
የዓሣ አከርካሪ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ።
አረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ፣ ባሕር ልሶ ልሶ ስለቱን የጨረሰው፣
ከማን ድግስ እንደወጣ የማይናገር ለሰው።
የሸርጣን ጥፍር፣ አንድ።
ጓደኛው ምናልባት ጋላፊ ቀርቷል፣ ከኬላው መንገድ።

አንዱ ሹፌር አንዴ ሊያስደስተኝ ብሎ፣
ቡጢ የሚያህል ዛጎል ከሱቅ ገዝቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ
አመጣልኝ። ያበራል፤ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤
ከሥሩ ዋጋው እንደተለጠፈ ቀርቷል።
አመስግኜ መለስሁት።
ተቀየመኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?
እኔ የምይዘው
ባሕር ሳያውቅ የጣለውን፣
ጎማ ሳያውቅ ያነሣውን፣
ከሦስታችን እኔ ብቻ ዐውቄ ያየሁትን።

ያቺ ወረቀት የሌላት የአረቡ ነች።
አረቡ የዓሰብ ሹፌር ነበር። የመጨረሻው ጉዞ፣ በዘጠና ዓመተ ምሕረት፣
ረዳት ልጅ ሆኜ፣ ጎማውን ፈትቼ ያገኘኋት፣
መጻፍ ሳይታሰበኝ ጣሳ ውስጥ የጣልኋት፣
የመጀመሪያዬ እሷ ናት።
ከዚያ ወደቡ ተዘጋ፤
መኪናውም ተሸጠ፤ ረሳሁት ታርጋውን።

ባለፈው ሐሙስ መጣ፣ ልጁ ሉባባ ክንዱን ይዛው።
ዓይኑ ደክሟል፤ ብርሃንን ብቻ ነው የሚለየው።
የተኛ ጎማ ላይ አስቀመጥሁት፤
ጣሳውን ከነጥጡ ጭኑ ላይ ሰጠሁት።
በጣቱ አንድ በአንድ ዳበሰ። የጅቡቲዎቹን
ዝም ብሎ አለፋቸው፣ እንደማያውቀው ሰው በር።
ያቺ ላይ ሲደርስ ቆመ። አሸተታት። በምላሱ ነካ አደረጋት፤
ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ምን ጨው ይቀራል?
«ይቺስ የኔ ናት።»

ጆሮው ላይ ደገናት።
«ምን ይላል?» አልሁት።
«ኮምፕሬሰር።»
ሳቅን። ሉባባ ሄዳ አጠፋችው፤
ቀበቶው ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ቆመ፤ አየሩ ፊሽ አለ።
«አሁንስ?»
ጣቱን አነሣ፣ ዝም በሉ እንደማለት።

ታርጋውን ጠይቄው ልጽፍላት ነበር፤
እስክሪብቶው እኔ ጆሮ ላይ፣ ዛጎሏ እሱ ጆሮ ላይ፤
ከሐረጎ ቁልቁል አንድ ከባድ መኪና ሞተሩን እያጓራ ይወርዳል፤
ውጪ ጎማው የተነፈሰበት ሰው
ጥሩምባ ይነፋል፣ ይነፋል።
አልተነሣሁም።