አብሮ አንባቢ

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ከካሜራው ጎን እቀመጣለሁ፤
ለሚፈተነው ተዋናይ ያልመጣውን ሰው እሆናለሁ።
ዛሬ የቤት አከራይ ነኝ፤ ቃሌ አንዲት መስመር ናት፦
«ቁልፉን እዚህ ያስቀምጡ» — ከጠዋቱ ሦስት እስከ አሥር ሰዓት።

ላይፕዚግ፤ ድሮ ጥጥ ይፈተልበት የነበረ ፎቅ፣
ራዲያተሩ እንደ ሽማግሌ የሚያስል፣ ግን የማይሞቅ።
ኮሪደሩ ላይ አርባ ሰባት ሰው፣ ቁጥሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣
ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል ግድግዳውን ተደግፎ።

የመጀመሪያዋ ገና ከበሩ ይቅርታ ጠየቀች፤
ጉንፋን ይዟት፣ ትራም አምልጧት፣ ወረቀቱ ዘግይቶባት —
ይቅርታዋን ሳትጨርስ ጊዜዋን ጨረሰች።

ቀጣዩን ሽቶው ቀደመው፤ ከኋላ እሱ ገባ።
ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ፣ በቀኝ ዓይኑ ብቻ እንባ።
ካሜራው በዚያ በኩል ነው፤ አይቶ ነው ያነባ።

ፍሪደሪከ ሁሉን ሸምድዳለች፣ የኔንም ቃል ጨምራ፤
ስናገር ከንፈሯ ይከተለኛል፣ እንደ ቆሎ ተማሪ በተራ።
በመስታወት ፊት አሥር ሌሊት ያሠለጠነችው ቁጣ
ሰዓቱን አክብሮ መጣ፤
እሷ ግን አልመጣችም።

ጉድሩን፣ ዳይሬክተሯ፣ ሁሉንም ባንድ ድምፅ ትሸኛለች፦
«ዳንከ። እንደውላለን።»
ይህችን «እንደውላለን» በሦስት ቋንቋ አውቃታለሁ፤
በሦስቱም ስልክ አይጠራም።

ከምሳ በኋላ ሄኒንግ የሚባል ጡረተኛ የትራም ነጂ ገባ፤
ካፖርቱ ርሶ፣ ጫማው በረዶ ተሸክሞ።
ወረቀቱን አየሁት፤ ጠርዙ እንደ አሮጌ ነጠላ ለስልሷል፣
ስንት ሳምንት ኪሱ ውስጥ ከርሟል!
አጠፈውና መልሶ ከተተው። ከዚያ እኔን አየኝ፤
ካሜራውን አይደለም፣ እኔን።
ሌሎቹ ተራቸው ሲደርስ ንጉሥ ለመሆን ይጣደፋሉ፤
እሱ ተራው ሲደርስ ተራ ሰው ሆነ።

«ቁልፉን እዚህ ያስቀምጡ» አልኩት፣ ለሠላሳ አንደኛ ጊዜ።
ዝም አለ።
ቃሉ ጆሮው ውስጥ ሲገባ፣ ወርዶም ሆዱ ላይ ሲቀመጥ አየሁት።
እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ የገዛ ራሱን የቁልፍ ዘለላ አወጣ፤
አንዷን ሊለይ ታገለ። ቀለበቱ አልከፈት አለ።
አውራ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጥፍሩ ታጠፈ።
ይህ ወረቀቱ ላይ የለም።
ጉድሩን «ይብቃ» አላለችም። ራዲያተሩ እንኳ ማሳሉን ተወ።
እኔ አከራዩ፣ ከጠዋት ጀምሮ ልብ ያልነበረኝ፣
አፈርኩ፤
እጄን ልዘረጋለት፣ «ይተዉት፣ ነገ ያምጡት» ልለው ምንም አልቀረኝ።

«ዳንከ። እንደውላለን።»
ያው ድምፅ ነው። ይደወልለት አይደወልለት አላውቅም።
ደረጃውን ሲወርድ ቁልፎቹ ሲንሿሹ ሰማኋቸው፤
ከዚያ ሠላሳ ሁለተኛዋ፣ ማስቲካ እያኘከች።

ሐሙስ ቫይማር ተራው የኔ ነው። ሚናዬ ሐኪም፤ አምስት መስመር።
«ኢሽ» የምትለው ቃል አሁንም ከጥርሴ ጋር ትጣላለች፤
ይባስ ብላ፣ ትርጉሟ «እኔ» ነው።
ማታ ማታ አብሮኝ የሚኖረው ፍስሓጽዮን፣ ምስር ወጡን እያማሰለ፣
ወረቀቱን ጨው ላይ አስደግፎ በሽተኛ ሆኖ ያነብልኛል፤
ሽንኩርቱ ሲያርበት ሁለት መስመር ይዘልላል፤
እኔም ለተዘለለው እመልሳለሁ።
«ምን ሰምተህ ነው የመለስከው?» ይለኛል።
ልክ ነው። ምን ሰምቼ ነው?
እንደገና ጀምር አልኩት። እንደገና።
አራተኛው ላይ ሲያስል ሰማሁት፤ የእውነት ሳል ነበር፣ በርበሬው አንቆት፤
አምስቱ መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈልጋቸው መጡ።

ቫይማርም አንድ ሰው ከካሜራው ጎን ይቀመጣል፤
ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ያንኑ መስመር ለስንተኛ ጊዜ ሊል።
ከሁሉ በፊት ስሙን እጠይቀዋለሁ።
ኪሴ ውስጥ ቁልፍ አለ፤ እጄ ይሄዳል፣ አውቀዋለሁ፤
አልነካውም።
እሱ የሄኒንግ ነው።